የአባባ ሐረግና የተሰረቀው ፕሮግራም

ደብተሩ አሁንም እኔ ዘንድ አለ። ባለ ሃምሳ ሉክ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት ጥሎበታል። መሐል ገጹ ላይ በማስመሪያ ያሰመርኩት ሠንጠረዥ አለ። ከላይ የሦስት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ስም፣ በጎን ደግሞ ጥያቄዎች። ጠመዝማዛ መስመር ያለሰልሳል ወይ? ለማሽኑ የቱ ጋ ስንት ሚሊሜትር እንደሚጠልቅ ይነግራል ወይ? በእኛ ደካማ ላፕቶፕ ይሠራል ወይ? መብራት ድንገት ሲጠፋ የተሠራውን ያተርፋል ወይ? ከሁሉም ሥር፣ በመጨረሻው ረድፍ፣ «የማን ነው?» የሚል ጽፌያለሁ። ሌሎቹ ረድፎች በ«አዎ» እና በ«የለም» ተሞልተዋል። ያኛው ባዶ ነው።

ጥንቁቅ ሰው ናት ይሉኛል። ጨው እንኳ በማንኪያ ሳልለካ አልጨምርም። ያን ረድፍ ባዶ የተውኩት ረስቼው አይደለም። መልሱን ስለማውቀው ነው።

አባባ አናጢ ነበሩ። ደሴ ውስጥ የእሳቸውን ሥራ ለመለየት ስም ማየት አያስፈልግም ነበር። በቁም ሳጥኑ በር፣ በአልጋው ራስጌ፣ በሳጥኑ ክዳን ጠርዝ የሚሄደውን ሐረግ አይቶ የማን እጅ እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ሐረጉ ከአንድ ጥግ ይነሳል፣ ቅጠል እየጣለ ይጠማዘዛል፣ ዞሮ ዞሮ ግን ራሱን አያቋርጥም። «መስመር መስመርን ከቆረጠ ሐረግ መሆኑ ቀርቶ ገመድ ሆነ ማለት ነው» ይሉ ነበር። ለሙስሊሙም ለኦርቶዶክሱም ይሠራሉ። እኛ ደግሞ ጴንጤ ነን። «ለሁለቱም ወገን እንግዳ ስለሆንኩ ማንም አያኮርፈኝም» እያሉ ይስቁ ነበር።

አንድ ጠዋት መሮውን እንደያዙ ወደቁ። ደም ግፊት ነው ተባለ። ነፍሳቸው ተረፈች፣ አንደበታቸውም ተረፈ። ቀኝ እጃቸው ግን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጭናቸው ላይ ተጋድሞ ቀረ።

ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነው። የዕረፍት ቀኑ ሁሉ በአንድ ነገር ያልቅ ነበር። ከአሮጌ ፕሪንተር በነቀለው ሞተር፣ ከመስኮት በተረፈ አሉሚኒየም፣ ከአዲስ አበባ ባስመጣው የቻይና ዕቃ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ ይገጣጥማል። እንጨት የሚፍቀው ሞተር ሲነቀል በቦታው ሌዘር ይገባል፤ ያኔ መቅረጹ ይቀርና በብርሃን እያቃጠለ ይጽፋል። ቀበሌው «ተደራጁና ሼድ ውሰዱ» ሲለው «እኔ አንድ ነኝ፣ አምስት ሆኜ አላውቅም» ብሎ መለሰ። እንጀራ ሊበላበት አልነበረም የሚደክመው። ሌላው ኳስ ሲያይ እሱ የማሽኑን ወዲህና ወዲያ መሄድ ያያል።

አባባ ሲወድቁ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀረ። «እታለም፣ እጃቸውን እንሠራላቸዋለን» አለኝ። ብረቱን እሱ፣ ሥዕሉን እኔ። ደሴ ፒያሳ ባለ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ ስለምሠራ የንድፍ ፕሮግራሙን መምረጥ በእኔ ላይ ወደቀ። ሠንጠረዡ የተሰመረው ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ፕሮግራም ከሌዘሩ ጋር በትንሽ ሲዲ የመጣ ነው። ስም መጻፍ ይችላል፤ ጠመዝማዛ ሲሰጡት ግን እንደ ደረጃ ይሰባብረዋል። ሁለተኛው ነፃ ነው፤ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ማንም ይጠቀምበት ብለው ኢንተርኔት ላይ የለቀቁት። እሱን ለማውረድ ኢንተርኔት ካፌ ሁለት ቀን ተመላለስኩ። አሣሣሉ ሸጋ ነው። ጥልቀቱን ለማሽኑ የሚነግርለት ግን ሌላ ነፃ ፕሮግራም ይደረብለታል፤ ሥራው እጥፍ ነው። ሦስተኛው ትልቁ ነው። ሥዕሉንም፣ ጥልቀቱንም፣ የማሽኑን አካሄድም እሱው ይጨርሳል። ባሕር ማዶ ውድ ነው አሉ። ፒያሳ ግን ቁልፉ ተሰብሮ በሲዲ ይገለበጣል።

«እሱ ነው» አለ ወንድሜ ጣቱን ደብተሩ ላይ አሳርፎ።

«የተሰረቀ ነው።»

«ጽሕፈት ቤት ገብተሽ ስትውይ የምትከፍቺው ኮምፒውተር ሆዱ ውስጥ አንድ የተገዛ ነገር አለ?»

«እሱ የአሠሪዬ ኃጢአት ነው።»

«ደመወዙስ? እሱም የአሠሪሽ ነው?» ሳቀብኝ። «በቃ፣ ይህኛውን በእኔ ስም ጻፊው። ሲኦል ስገባ ጃንጥላ ትይዢልኛለሽ።»

እኔም ሳቅኩ። ረድፉን ባዶ ትቼ ደብተሩን ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባባ ጋር ተቀመጥን። በድሮ ጊዜ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ከሣሏቸው ሐረጎች አይጥ ያተረፈው አምስቱን ብቻ ነበር። እነሱን ፎቶ አንስቼ በላያቸው በማውስ አሰመርኩ። የቀሩት አሥራ ሁለቱ ወረቀት ላይ ኖረው አያውቁም፤ ከራሳቸው በቀጥታ ወደ እንጨት ይወርዱ የነበሩ ናቸው። እነሱን በአፋቸው ነገሩኝ። በግራ እጃቸው እርሳስ ይዘው የላፕቶፑን መስታወት እየነኩ።

«ወደ ላይ። ወደ ላይ፣ ልጄ። አይ አይ፣ አሁን ትንፋሽ ስጪው።»

«ትንፋሽ ስንት ሚሊሜትር ነው አባባ?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ! እስኪተነፍስ ነዋ።»

ትልቁ ፕሮግራም የእውነት ትልቅ ነበር። አባባ «ቅጠሉ ከብዶታል» ሲሉ አንዷን ነጥብ ይዤ ሳብ አደርጋታለሁ፣ መስመሩ በሙሉ አብሯት ይለሰልሳል፣ «አሃ!» ይላሉ። አሥራ ሰባቱም አለቁ። ወረቀት ላይ አላተምናቸውም። ለምን ብለን? እንጨት ላይ ሊወጡ አይደል።

የሐርቡው ሀጂ የመጡት ያን ሰሞን ነው። የአባባ የድሮ ደንበኛ ናቸው፤ ሲያገቡ ባለ ሐረግ ቁም ሳጥን የሠሩላቸው አባባ ነበሩ። አሁን የመጨረሻ ልጃቸው ልትዳር ነው። አንድ ዘንቢል ብርቱካን አስቀምጠው ከአባባ ጎን ተቀመጡ።

«አንተ ሰውዬ፣ ያ የቁም ሳጥን በር ከእኔና ከሚስቴ ጋር አረጀ፤ እኛ ተንጋደድን፣ እሱ ወላሂ አልተንጋደደም። ለልጄም ካንተ እጅ ካልሆነ አልቀበልም።»

«እጄ የት አለና ሀጂ?»

«ልጆችህ ማሽን ሠርተዋል አሉ። አብሽር። ማሽኑስ ካንተ ይሻላል፤ ሻይ አምጡ፣ ስኳር ጨምሩ አይል።»

አባባ ከወደቁ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም። ሀጂ ከወጡ በኋላ ግን «ሐረጌ ከእንጨት ሲወጣ አንዴ ልየው» አሉኝ። «አንዴ ካየሁት ጌታ በፈለገ ጊዜ ይውሰደኝ።» ለበሩ የሚሆን የዋንዛ ጣውላ ተገዝቶ ኮምቦልቻ ወረደ። ወንድሜ ማሽኑ ሲፍቅ ስለሚንቀጠቀጥ እሱን እስካስተካክል ሁለት ሳምንት ስጡኝ አለ።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት መሐል ቤተ ክርስቲያናችን የጾም ጸሎት ሳምንት ያዘ። ከሩቅ የመጣ አገልጋይ ሰበከ። በድንኳኑ ወለል ሥር የተሰረቀ ነገር ስለቀበረ ሰው፣ በእሱም ምክንያት ሕዝቡ ሁሉ ስለመሸነፉ። «በቤትሽ የተቀበረው ምንድን ነው?» አለ። «ያ የምትጸልይለት በሽተኛህ ያልተነሣው ለምን ይመስልሃል?»

ላፕቶፑ ትዝ አለኝ። ባዶው ረድፍ ትዝ አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ጭናቸው ላይ የተጋደመው እጅ። በእኔ ይሆን? ብዬ አሰብኩ። ያን ቀን ውሃም አልጠጣሁም።

በጾሙ በአራተኛው ቀን ፕሮግራሙን ከላፕቶፑ አጠፋሁት። ሲዲውን ለሁለት ሰብሬ መጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩ። ጥንቁቅ ነኝ ብያለሁ፤ አስቀድሜ የሐረጎቹን ፋይሎች ቆጥሬ ነበር፣ አሥራ ሰባት። የተሰረቀው ፕሮግራሙ ነው፣ ሐረጉ የአባባ ነው ብዬ ወደ ፍላሽም ገለበጥኳቸው። ስለ ፋይል የማውቀው ከጽሕፈት ቤት ነው፤ አንድ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ላይ ይከፈታል። ሥዕልም እንደዚያ መሰለኝ።

እሑድ ጉባኤ ፊት ቆሜ መሰከርኩ። የተሰረቀ ነገር ለአባቴ ስል በቤቴ አስቀምጬ እንደነበር፣ ጌታ እንደወቀሰኝ፣ አውጥቼ እንደጣልኩ፣ ዳግም እጄ እንደማይነካው። ጉባኤው «ሃሌ ሉያ!» አለ። እልልታው ቀለጠ። ስወርድ ሴቶቹ እየተነሡ አቀፉኝ፤ አንዲት የጸሎት ጓደኛዬ ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ተደስቼ አላውቅም። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ እውነት ስለሆነ ጻፍኩት።

ሰኞ ነፃውን ፕሮግራም ጭኜ የመጀመሪያውን ሐረግ ልከፍት ሞከርኩ። ይህን ዓይነት ፋይል አላውቀውም አለኝ። ሁለተኛውን ሞከርኩ፤ አላውቀውም። ከፍላሹ ሞከርኩ። አሥራ ሰባቱንም አንድ በአንድ ሞከርኩ። ትልቁ ፕሮግራም የሠራውን ሁሉ ከራሱ በቀር ማንም በማያነበው መልክ ነበር ያስቀመጠው። ሳላጠፋው በፊት ሌሎች ፕሮግራሞች ወደሚያውቁት መልክ አውጣልኝ ብለው ኖሮ ያወጣልኝ ነበር። ማዘዣው ሁልጊዜ ዓይኔ ሥር ነበር፤ ለምን እንደሚጠቅም ጠይቄ አላውቅም።

ወንድሜ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ደረሰ። ማሽኑ መንቀጥቀጡን ተወ ሊለኝ ነበር የመጣው።

«ቀላል ነው» አለ ነገሩን ስነግረው፣ ሳይቆጣ። «ፒያሳ ውረጂ፣ ሲዲውን አምጪ፣ ጫኚው፣ አሥራ ሰባቱን አውጪና መልሰሽ አጥፊው። አንድ ሰዓት አይፈጅም።»

«ጉባኤ ፊት መስክሬያለሁ።»

«ጉባኤው መጥቶ ላፕቶፕሽን አይከፍት።»

«እግዚአብሔር ያያል።»

«አባባንም እያየ ነዋ፣ እታለም!» ድምፁ ከፍ አለ። «እሺ ፍላሹን ስጪኝ። እኔ አልመሰከርኩም፣ በራሴ ኮምፒውተር ላድርገው።»

«በሰው እጅ ማስደረግም ያው ማድረግ ነው።» ፍላሹን መጽሐፍ ቅዱሴ ሽፋን ውስጥ ከትቼው ነበር። ታናሽ ነውና ከእጄ አልነጠቀኝም። ነጥቆኝ ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

አባባ ሁሉንም ሰምተዋል። «ተዋት» አሉት። «ቃል ገብታለች፣ አታስጨንቃት። እኔ ራሴ ውስጥ አለ አይደል፣ እንደገና እነግራታለሁ።» ለእኔ ወገኑ። ያ ነው እስከ ዛሬ የማይወርድልኝ።

ሀጂም ሰሙና በማግስቱ መጡ። ተቆጥተው ይሆናል ብዬ ነበር። በርጋታ ነው የተናገሩኝ።

«ሐራም ነው ብለሽ መጣልሽ ያስከብርሻል፣ ልጄ። ግን በእኛ ዘንድ በረሃብ ለሚሞት ሰው በክት እንኳ ነፍሱን እስኪያቆይ ይፈቀድለታል። ጠግቦ እስኪተኛ አይደለም፤ ነፍሱን እስኪያቆይ። በእናንተስ እንዲህ ያለ በር የለም?»

«በእኛ ዘንድ ኃጢአት ትንሽና ትልቅ የለውም ሀጂ» አልኳቸው። እርሳቸው የጠየቁኝ ስለ አባቴ ነበር፣ እኔ የመለስኩላቸው ስለ ራሴ ነው። አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው «አላህ ያግራው» አሉና ወጡ።

በነፃው ፕሮግራም እንደገና ጀመርን። የመረጥነው የሀጂን በር ሐረግ ነበር፤ አንዱ እንኳ ይድረስ ብለን። አባባ ግን እንደ በፊቱ አልነበሩም። ነግረው የጨረሱትን መልሶ መንገር ደከማቸው። «ይህን ብዬሽ አልነበር?» ይላሉ በየመሐሉ። «ብለውኛል አባባ።» «ታዲያ የት ሄደ?» ላፕቶፑ ውስጥ ነው ያለው፣ ከጉልበታቸው አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም።

ግንዱን ከጥግ አስነሣን። የመጀመሪያው ቅጠል ወጣ። ወደ ሁለተኛው ስንዞር «ነገ ይሁን» አሉ። «ነገ እዚህ ጋ ትንፋሽ እንሰጠዋለን።»

በማግስቱ ጠዋት አንደበታቸው አልተፈታም። ሁለተኛው የግፊት ምት አፋቸውን ወሰደው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ግራ እጃቸውን አንሥተው አየር ላይ ያንቀሳቅሱ ነበር። ሐረግ ይሆን፣ ውሃ ይሆን የፈለጉት፣ ማወቅ አልቻልኩም። ውሃ አጠጣኋቸው። እጃቸው አላረፈም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አረፉ።

ሀጂ ከነቤተሰባቸው ለቀብሩ መጡ፤ ድንኳኑ ውስጥ ከወንድሜ ጎን ሁለት ቀን ተቀመጡ። ስለ በሩ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ለልጃቸው ባለ መስታወት የፋብሪካ ቁም ሳጥን እንደገዙ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

ለቀስተኛው ሲበተን ነጠላዬን አጣፍቼ ፒያሳ ወረድኩ።

«ያ ሲዲ ተበላሸብሽ እንዴ?» አለኝ ሻጩ።

«ጠፋብኝ» አልኩት። ዋሸሁ። ስርቆቱን ፈርቼ አባቴን ያስጠበቅሁ ሴት፣ ሲዲ ሻጭ ፊት ዋሸሁ።

ቤት ገብቼ ሻይ ጣድኩና ፕሮግራሙን ጫንኩት። የመጀመሪያው ፋይል ተከፈተ። አንዲት ነጥብ አልጎደለችም። አሥራ ሰባቱንም ከፈትኩ፣ ሁሉም ወደሚያውቀው መልክ አወጣኋቸው፣ ፕሮግራሙን መልሼ አጠፋሁት። ምድጃው ላይ ያለው ውሃ ገና መፍላቱ ነበር። በዚህ ጊዜ ለጉባኤ አልመሰከርኩም።

በማግስቱ ፍላሹን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆመ፤ ግቢ አላለኝም። ከኋላው ጠረጴዛው ባዶ ነው። ማሽኑን ፈታቶታል፤ ሌዘሩን ለአንድ ፎቶ ቤት ሰጥቶታል፣ ዋንዛው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«አወጣኋቸው» አልኩት። «አሁን በማንኛውም ፕሮግራም ይከፈታሉ።»

«ይከፈቱ» አለ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ለበዓል እደውላለሁ፣ ያነሣል፣ ደህና ነሽ ይላል። እታለም ብሎኝ አያውቅም።

በኋላ አግብቼ፣ ባለቤቴ ለሥራ ወደ ሚዛን ከተማ ሲመደብ የቤተ ክርስቲያን እህቶች ተሰብስበው ጸለዩልን። ትከሻዬ ላይ ያለቀሰችውን ጓደኛዬን ለብቻ ጠርቼ ስለዚያ ምስክርነት አነሣሁባት። ከሆዴ ላወጣው ፈልጌ ነበር።

«የትኛው ምስክርነት እህቴ?» አለችኝ። «አዎ አዎ፣ ያ የዘመርሽ ቀን!»

እኔ ጉባኤ ፊት ዘምሬ አላውቅም። ማን ሊታዘበኝ ነበር አባቴን ያስጠበቅሁት? ያ ሁሉ ሰው ምሳው ሳይበስል ረስቶታል።

ስርቆት ስርቆት ነው፤ ዛሬም እንደዚያው አምናለሁ። ያን ረድፍ በመጀመሪያው ቀን በእጄ ጽፌ ሞልቼው ቢሆን፣ በነፃው እንጀምር ነበር፤ ሥራው ሁለት እጥፍ ይፈጅብን ይሆናል፣ ግን አባባ ያዩት ነበር። ዘግይቶ የመጣ ሕሊና ነው ያከሰረኝ። ከሕሊናውም ይልቅ፣ ያ እልልታ። ወንድሜ እንዳለኝ ፕሮግራሙን መልሼ ለመጫን ያን አንድ ሰዓት ዝቅ ብል ኖሮ ከእግዚአብሔር ፊት ሳይሆን ከእልልታው ነበር የምወርደው፤ ይህን ያወቅሁት ከቀብሩ በኋላ ነው።

ሚዛን ከደሴ ሦስት ቀን በመኪና ነው። እዚህ ዝናቡ ከጀመረ አይለቅም፤ እሑድ ከጸሎት መልስ ከቤት መውጣት የለም። ላፕቶፑን እከፍታለሁ። አሥራ ሰባቱ ሐረጎች አንድ ቦታ ተቀምጠዋል፤ ሙሉ ናቸው፣ ውብ ናቸው፣ በማንኛውም ይከፈታሉ። አልከፍታቸውም። የምከፍተው አሥራ ስምንተኛውን ነው፣ በነፃው ፕሮግራም እንደገና የጀመርነውን። ንጹሕ እሱ ብቻ ነው፤ ማንም አልተሰረቀበትም። ከጥግ ይነሣል፣ አንድ ቅጠል ይጥላል፣ ወደ ሁለተኛው ሊዞር ሲል ይቆማል።

አንዳንዴ ማውሱን ይዤ ልቀጥለው እሞክራለሁ። ትንፋሹ ስንት እንደሆነ አላውቅም።